የምሳሳለት፦ «ፕሬሸስ» ስለምትባል የእንግሊዝኛ ቃል

(ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ)

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት ቃል ብቻ ነው። «ለአንዲት ቃል ይሄን ሁሉ ሰው ሰበሰበ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን የዚህች ቃል ዘመዶች አንዴ በደንብ አዋርደውኛል። ከዚያ ልጀምር።

ገና ጀማሪ ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ የውጭ አገር አማካሪ ከእኛ ጋር ሠርቶ ወደ አገሩ ሊመለስ ሆነ። የምስጋና ደብዳቤውን እኔ እንድጽፍ ታዘዝኩ። እንግሊዝኛ የምችል ስለምመስል ነው። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። «ፕራይስለስ» በዋጋ የማይተመን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። «ፕራይስ» ዋጋ፣ «ለስ» የሌለው። ግን እሷን ሁሉም ሰው ይላታል። ትንሽ ለየት ልበል ብዬ «ቫልዩለስ» አልኩ። «ቫልዩ»ም ያው ዋጋ ነው፣ «ለስ»ም ያው «ለስ» ነው። «ስለ ሰጡን ቫልዩለስ ምክር ከልብ እናመሰግናለን» ተብሎ ተጻፈ። አለቃዬ ፈረመበት። ማኅተም ተመታበት። ሄደ።

«ቫልዩለስ» ማለት ዋጋ ቢስ ማለት ነው። ሰውዬውን ስለማይረባው ምክሩ አመስግነን፣ በማኅተም አረጋግጠን ሸኘነው። እሱም መልስ ጽፎልናል። መልሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ወደ ቃላችን እንምጣ። በመጀመሪያ አነባበቧን እናስተካክል። «ፕሪሽየስ» አይደለችም፣ «ፕሬሲየስ»ም አይደለችም። «ፕሬ-ሸስ»። «ፕሬ» ላይ ጫን ማለት፣ «ሸስ» ላይ ለቀቅ ማድረግ። መሃሏ ላይ ያለው «ሲ» ፊደል «ስፔሻል» እና «ሶሻል» ላይ እንደሚሆነው «ሽ» ሆኖ ይነበባል። አለቀ።

ትርጉሙን መዝገበ ቃላት ላይ ስትፈልጉ «ውድ፣ ክቡር» ይላችኋል። አልተሳሳተም። ጣጣው ያለው የእኛው «ውድ» ላይ ነው። ሽንኩርት ውድ ነው እንላለን። ውድ ወንድሜ ብለንም ደብዳቤ እንጽፋለን። ሱቁ በር ላይ «ውድ ደንበኞቻችን» ብሎ ይለጥፋል፤ ደንበኛው ገብቶ ዋጋ ጠይቆ «ውድ ነው» ብሎ ይወጣል። አንድ ቃል ነው፣ ሁለት ሥራ ይሠራል። ግሱ ደግሞ ይባስ። «ተወደደ» ስንል በሰው ተፈቀረ ማለትም ነው፣ ዋጋው ጨመረ ማለትም ነው። አማርኛ ለሚማር የውጭ ሰው «ኑሮ ተወደደ» የሚለውን ቃል በቃል ፍቱለት እስቲ። ኑሮን ሰው ሁሉ አፈቀረው ብሎ ነው የሚረዳችሁ።

በዚህ ብቻችንን አይደለንም። ዱባይ ወይም ሪያድ የሠራች እህት ካለቻችሁ ጠይቋት። ዓረብኛው «ጋሊ» ይላል። ገበያ ላይ ውድ ነው ማለት ነው፤ ለሰው ሲሆን የምወድህ ማለት ነው። እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችንም «ያካር» የምትለዋን ዕብራይስጥ በሁለቱም በኩል ይሰሟታል፣ ከሱቅ ሻጭም ከወዳጅም። የላቲኑ «ካሩስ» እንደዚሁ ነበር። እንግሊዞች ራሳቸው «ዲር» የሚሏት ቃል አለቻቸው። ደብዳቤ መክፈቻ ሆና ነው የምናውቃት። ብሪታንያ ውስጥ ግን አንድ ሰው ሥጋ ቤት ቆሞ «ዲር ነው» ቢል ተወደደ ማለቱ ነው።

«ፕሬሸስ» ግን ይህን ሁለተኛውን ሥራ አትሠራም። ሱቅ ገብታችሁ ሸሚዝ አንስታችሁ «ይሄ በጣም ፕሬሸስ ነው» ካላችሁ ሻጩ ግራ ይጋባል። ዋጋው በዛብኝ ማለታችሁ እንደሆነ አይገባውም። ሸሚዙን አቅፋችሁ የምታለቅሱ ሊመስለው ይችላል። ለዋጋ መብዛት «ኤክስፔንሲቭ» አለላችሁ። «ውድ ደንበኞቻችን»ም «ፕሬሸስ ካስተመርስ» አይባልም፤ እንግሊዝኛው «ቫልዩድ ካስተመርስ» ይላል።

እኔ ተማሪዎቼን በዚህ መንገድ ነው የማስይዛቸው። «ኤክስፔንሲቭ» ስትገዛ ነው። «ቫልዩብል» ስትሸጥ ነው። «ፕሬሸስ» ሲጠፋብህ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ቤቴ አንዲት ስኒ አለች። እናቴ ካቆየችልን ስድስት ስኒዎች የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። አፏ ላይ ትንሽ ተሸርፋለች። ስትገዛ «ኤክስፔንሲቭ» አልነበረችም፣ የመርካቶ ስኒ ናት። ዛሬ ልሽጣት ብል የሚገዛኝ የለም፤ ስለዚህ «ቫልዩብል»ም አይደለችም። ልጄ ልታጥባት ስታነሳት ግን ትንፋሼን ውጬ ነው የማያት። እሷ ስኒ «ፕሬሸስ» ናት።

ታዲያ ለዚህ ስሜት አማርኛ ቃል የለውም? አለው እንጂ። እኔ ብዙ ዓመት «ውድ» እና «ክቡር» እያልኩ ስተረጉም ቆይቼ ዘግይቶ ነው የታየኝ። «የምሳሳለት» የሚለው ነው። «ልጇን በስስት ታየዋለች» እንላለን። ዓይኗ ላይ ፍቅርም ፍርሃትም አለ። እንዳይሰበር፣ እንዳይጠፋ፣ እንዳያልቅ። «ለዚች ስኒ እሳሳላታለሁ» ብል ሁላችሁም ትረዱኛላችሁ። ማንም ስንት ገዛሃት ብሎ አይጠይቀኝም። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው እዚህ ካለ ይህቺን ቢጨምርልን ደስ ይለኛል። ክፍያ አልጠይቅም።

የሚገርመው ነገር «ፕሬሸስ» የተወለደችው ከገበያ መሆኑ ነው። ሥሯ የላቲኑ «ፕሬቲየም» ነው። ዋጋ ማለት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል አልፋ በ13ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝኛ ገባች። ከዚያው ሥር «ፕራይስ» ወጣ፣ ዋጋ። «ፕራይዝ» ወጣ፣ ሽልማት። «ፕሬይዝ» ወጣ፣ ምስጋና። «አፕሪሺዬት»ም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ዋጋ፣ ሽልማትና ምስጋና እንዴት ወንድማማች ሆኑ ብላችሁ አትደነቁ። የእኛው «ዋጋ»ም እንደዚያ ነው። «ለሥራው ዋጋ ሰጡት» ስንል ብር ቆጠሩለት ማለታችን ላይሆን ይችላል። ወንጌሉ «ዋጋችሁ በሰማያት ታላቅ ነው» ሲል የሚያወራው ስለ ሽልማት ነው። ክፉ የሠራን ሰው ደግሞ «ዋጋህን ታገኛለህ» እንለዋለን።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። መንገዱ ተቃራኒ ነው። እንግሊዝኛዋ ከዋጋ ተነስታ ወደ ፍቅር ሄደች። የእኛ «ውድ» ከመውደድ ተነስቶ ገበያ ወረደ። ሰው የወደደው ነገር ዋጋው ይወጣል፤ የአማርኛው ሐሳብ ይሄ ነው። ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ ፍላጎት ሲጨምር ምናምን ብላችሁ ስታስረዱኝ እኔ በውስጤ «ተወደደ» እላለሁ። ተቃራኒውም እንደዚሁ ነው። «ረከሰ» ስንል ዋጋው ወረደ ማለት ነው፤ ተዋረደ፣ ተበላሸ ማለትም ነው።

ዋጋና «ፕሬሸስ» እህትማማች መሆናቸው በደንብ የሚታይበት ቦታ አለ። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 31 ቁጥር 10 ላይ ስለ ልባም ሴት የሚናገረውን ታውቁታላችሁ። አማርኛው ዋጋዋ ከቀይ ዕንቁ ይበልጣል ይላል። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉምም «ፕራይስ» የሚለውን ቃል ነው የተጠቀመው። በ1952 ብሉይ ኪዳኑ ተሻሽሎ የወጣው ትርጉም ላይ ግን ያቺው ሴት «ፕሬሸስ» ሆናለች። ሴትዮዋ ያቺው ናት። ተርጓሚዎቹ ለሰው ልጅ ዋጋ ማውጣቱ የከበዳቸው ይመስለኛል። 1ኛ ጴጥሮስ ላይ ያለውን «ክቡር ደም» ደግሞ እንግሊዝኛው «ፕሬሸስ» ብሎታል። ስለዚህ የሃይማኖት ጽሑፍ ስትተረጉሙ «ክቡር» ማለት አያሳፍርም። ስለ ስኒ ሲሆን ግን ስኒዋን ክቡር ሚኒስትር አታድርጓት።

አሁን ወደ ድንጋይ እንሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ደስ ስለሚለኝ።

«ፕሬሸስ ስቶን» የከበረ ድንጋይ ነው። በድሮው የጌጥ ነጋዴዎች ልማድ አራቱ ብቻ ናቸው «ፕሬሸስ» የሚባሉት፦ አልማዝ፣ ቀዩ ሩቢ፣ ሰማያዊው ሳፋየር፣ አረንጓዴው ኤመራልድ። የቀረው ሁሉ «ሰሚ-ፕሬሸስ» ይባላል። ግማሽ ክቡር እንደማለት። ይህ ክፍፍል የንግድ ልማድ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ለእኔ አይዋጥልኝም። ጥሩ ግማሽ ክቡር ድንጋይ ከመጥፎ ሙሉ ክቡር ድንጋይ በላይ ሊሸጥ ይችላልና።

የእኛን ኦፓል ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2008 ወሎ ውስጥ፣ ደላንታ፣ ወገልጤና አካባቢ ኦፓል ተገኘ። አሁን በዓለም ገበያ የወሎ ኦፓል ተብሎ በስሙ የሚጠራ ድንጋይ ነው። ኦፓል ከአራቱ ውጪ ስለሆነ በድሮው ልማድ «ሰሚ-ፕሬሸስ» ነው። ግን የድንጋይ ባለሙያዎች ኦፓልን ራሱን ለሁለት ይከፍሉታል። ስታዘነብሉት እንደ ቀስተ ደመና ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ የሚያበራው «ፕሬሸስ ኦፓል» ይባላል። ያ ጨዋታ የሌለው «ኮመን ኦፓል» ነው፣ ተራ ኦፓል። ሁለቱም ሲሊካ (አሸዋ ውስጥ በብዛት ያለው ማዕድን) እና ውሃ ናቸው። ልዩነቱ ዓይን የማያያቸው የሲሊካ ድብልብሎች አደራደር ነው። በእኩል መጠን፣ በሥርዓት ከተደረደሩ ብርሃኑን ሰባብረው ቀለም ያወጣሉ። ዝም ብለው ከተዘበራረቁ ቀለሙ የለም። እና ያው ድንጋይ በአንድ መዝገብ ግማሽ ክቡር፣ በሌላው መዝገብ ሙሉ ክቡር ሆኖ ተጻፈ። ቃል ላይ የምትጨቃጨቁ ልጆች ይህን ያዙልኝ።

የወሎው ኦፓል ሌላም ጠባይ አለው። ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ስትነክሩት ቀለሙ ሊጠፋና እንደ መስታወት ሊያሳልፍ ይችላል። ሲደርቅ ይመለሳል። ቀለበቷን አድርጋ ዕቃ ያጠበች ሴት የምትደነግጠውን አስቡት።

ክቡርነት ደግሞ ዘላለማዊ አይደለም። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችሁ የሚያዩት ትልቅ ሐውልት አለ፣ ሹል፣ 169 ሜትር ገደማ የሚረዝም። እ.ኤ.አ. በ1884 ሲጠናቀቅ ጫፉ ላይ ምን ቢያስቀምጡበት ጥሩ ነው? አሉሚኒየም! ክብደቱ 3 ኪሎ የማይሞላ ትንሽ ፒራሚድ። ያኔ አሉሚኒየም ማውጣት ከባድ ስለነበር ዋጋው ከብር ጋር የሚቀራረብ ነበር (ከማዕድኑ ብር ማለቴ ነው፣ ከኪሳችን አይደለም)። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1886፣ አንድ አሜሪካዊና አንድ ፈረንሳዊ ወጣት፣ ሳይተዋወቁ፣ በኤሌክትሪክ ርካሽ አድርጎ የማውጣቱን ዘዴ አገኙ። ዛሬ በአሉሚኒየም ሽሮ እንሠራለን። አገራችን ውስጥም አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ በሚዘዋወርበት ዘመን ከአፋር እስከ መሃል አገር በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ይጓዝ ነበር። አሁን ጎረቤት ጨው ሲያበድር አይመዘግብም።

ስለ ብርቅነት ካነሳን አንድ ስህተት ላርም። «ብርቅዬ የዱር እንስሳት» የሚለውን «ፕሬሸስ አኒማልስ» ብላችሁ አትተርጉሙ። ዋልያና ቀይ ቀበሮ ለእኛ «ፕሬሸስ» ናቸው፣ ልክ ነው። ግን «ብርቅዬ» ስንል እዚህ ብቻ የሚገኙ ማለታችን ከሆነ ቃሉ «ኢንዴሚክ» ነው።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። «ፕሬሸስ ሊትል» ወይም «ፕሬሸስ ፊው» የሚል ጋዜጣ ላይ ታነባላችሁ። «ፕሬሸስ ሊትል ውሃ አለ» ቢል፣ ትንሽ ግን የከበረ ውሃ አለ ማለት አይደለም። ውሃው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም ማለት ነው። እዚህ ላይ «ፕሬሸስ» ማጋነኛ ብቻ ናት፣ እንደ «በጣም»። ብዙ ጊዜ የቅሬታ ቃና አላት። «ፕሬሸስ ሊትል ማስረጃ አቀረቡ» ከተባለ ጸሐፊው ተናዷል።

ምጸትም አለባት። ሚስት ባሏን «ያ ፕሬሸስ ስልክህ» ካለችው ስልኩ ውድ ነው ማለቷ አይደለም። ከእኔ አስበልጠህ የምትሳሳለት ስልክህ ማለቷ ነው። አያችሁ፣ እዚህም «የምትሳሳለት» ገባልን። ቃናዋን ግን ጆሮ ይወስናል። ወረቀት ላይ አይታይም።

ከዚህ ከፍ ሲል ስድብ ይሆናል። «ስለ ጽሑፍህ ፕሬሸስ አትሁን» የሚል አርታኢ ቢገጥማችሁ አታመስግኑት። አታካብድ፣ አንዲት ቃል በተሰረዘች ቁጥር አትሞላቀቅ እያላችሁ ነው። እንዲህ ያለው ማጣጣል ፈረንሳይ ውስጥም ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ተራውን ቃል ተጸይፈው በተሽሞነሞነ ንግግር የሚጫወቱ ሴቶች «ፕሬስየዝ» ይባሉ ነበር። ሞሊየር የሚባለው ፈረንሳዊ ጸሐፌ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1659 እየሳቀ የሚያሾፍባቸው ተውኔት አሳየ። እኛም እኮ ተሞላቃቂ የምንለው ሰው ድሮ የተሳሱለት ልጅ ነው። ደግሞ ስስት መጥፎ ፊትም አላት፤ ስስታም እንላለን። «ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» የሚባለው ፊልም ላይ ቀለበቱን «የኔ ፕሬሸስ» እያለ የሚያንሾካሹከውን ፍጡር ታውቁት የለ? እሱ ስስታም ነው። አንድ ቃል ሁለት ፊት ሲኖራት አማርኛችንም ሁለቱን ይዞ ተገኘ። ለዚህ ነው በ«የምሳሳለት» የምኮራው።

ሞቅ ያለችም ትርጉም አላት። አሜሪካ፣ በተለይ ደቡቡ አካባቢ፣ ሕፃን ሲያዩ «ሺ ኢዝ ሶ ፕሬሸስ» ይላሉ። ስታምር፣ ማር የሆነች ማለታቸው ነው። አንዲት ዘመዴ እዚያ ወልዳ ነርሷ ይህን ስትላት የማዋለጃው ሂሳብ መስሏት «ኢንሹራንስ አለኝ» ብላለች። እስካሁን በየክርስትናው ይወራል።

«ቼሪሽድ» እና «ትሬዠርድ» የሚባሉ ጎረቤቶችም አሏት። ቶሎ ልለፋቸው። «ቼሪሽድ» ላይ ዋናው በልብ መያዙ ነው፤ ትዝታና ተስፋ ይስማሙታል። «ትሬዠርድ» ላይ ዋናው ማስቀመጡ ነው፤ ሣጥን ይሸታል። «ትሬዠር» የመጣው «ቴሳውሮስ» ከሚል ግሪክኛ ነው፣ የሀብት ማከማቻ። እናንተ ተመሳሳይ ቃል የምትፈልጉበት «ቴሶረስ»ም ከዚያው ነው። የቃል ግምጃ ቤት። እኛስ ምን አልን? መዝገበ ቃላት። በግዕዝ «መዝገብ» የተከማቸ ሀብት፣ ግምጃ ቤት ነው። ተመካክረው ያወጡት ነው የሚመስለው። ይህን ሳውቅ የቤቴን የድሮ መዝገበ ቃላት ከወለል ላይ አንስቼ ጠረጴዛ ላይ አደረግሁት።

ከፊት የተቀመጠችው ልጅ «ለእናቴ ስጽፍ ፕሬሸስ ማዘር ልበል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ዲር» በቂ ነው። ጽሑፉ መሃል ላይ ግን «ዩ አር ፕሬሸስ ቱ ሚ» ብትያት ያምራል። «ፎር ሚ» ሳይሆን «ቱ ሚ»።

በመጨረሻ ያዋረዱኝን ዘመዶች ልጨርስ። «ቫልዩለስ» እና «ወርዝለስ» ዋጋ ቢስ ናቸው። «ኢንቫልዩብል» ግን በተቃራኒው በጣም ጠቃሚ ነው። ሰው «ኢን»ን «የለውም» ብሎ ይተረጉምና ይሳሳታል። «የማይተመን» ብላችሁ አንብቡት፤ ያኔ በአማርኛው «በዋጋ የማይተመን» ሆኖ ቁጭ ይላል። እኔ ያን ቀን «ኢንቫልዩብል» ብጽፍ ኖሮ ምክር፣ እርዳታ፣ ልምድ፣ ሁሉም በደንብ ይሄድልኝ ነበር።

«ፕራይስለስ» ደግሞ ዋጋ የማይወጣለት ነው። ማስተርካርድ እ.ኤ.አ. በ1997 በጀመረው ማስታወቂያ ብዙ ሰው አውቋታል። የዕቃውን ሁሉ ዋጋ ይዘረዝርና በገንዘብ የማይገዛው ጋ ሲደርስ «ፕራይስለስ» ይላል። ግን ሌላ ትርጉምም አላት። በጣም የሚያስቅ፣ ሆድ የሚያሳምም ነገር ሲያዩ ወይም ሲሰሙም «ፕራይስለስ!» ይላሉ። ይህን ሁለተኛውን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

የአማካሪው መልስ አጭር ነበር። ስለ መስተንግዶው አመሰገነ፣ ለሁላችንም ሰላምታ አቀረበ፣ ከዚያ «ዩር ሌተር ዋዝ ፕራይስለስ» አለ። አለቃዬ በጣም ደስ አለው። ቅጂ አስነስቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈው።